ቲቸር፣ ከባንዱ ልውጣ ወይስ ልቆይ?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ያለ ነው፤ ቡና እየጠጣችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በኢንቦክስ ጻፈልኝ። ስሙን አልናገርም። ዘጠነኛ ክፍል እያለ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ዴስክ እየደበደበ ሲያስቸግረኝ የነበረ ልጅ ነው፤ አሁን የአንድ ባንድ ድምፃዊ ሆኗል። ስድስት ሆነው በየሰርጉና በየሆቴሉ ይሠራሉ፤ የራሳቸውንም ዘፈኖች እያጠራቀሙ ነው። አንድ ሰው መጥቶ "ሕዝቡ የሚያውቀው አንተን ነው፤ አምስት ሰው ለምን ትሸከማለህ? ብቻህን ላውጣህ" ብሎታል። ልጁ ተጨንቋል። "ቲቸር፣ ልውጣ ወይስ ልቆይ? በኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?" ይለኛል።

እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም፤ ክራር እንኳ መቃኘት አልችልም። የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ስለዚህ የማውቀውን ታሪክ ልንገረው ብዬ ቁጭ አልኩ። መልሱ ሲረዝምብኝ ለናንተም ይሁን አልኩ። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

ታሪኩን የምጀምረው ከአንድ ቀን ነው፤ ቅዳሜ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በነሱ ጁላይ 13 ቀን 1985። እኔ ያኔ ገና አልተወለድኩም። እናቴ ግን ወሎ ውስጥ ልጅ እግር ነበረች። "ሰባ ሰባት" ሲባል ዛሬም ድምጿ ዝቅ ይላል። የእርዳታ ስንዴ ተሰልፋ እንደተቀበለች ትነግረኛለች፤ ስንዴው ከየት እንደመጣ፣ ማን አዋጥቶ ማን እንደላከው ግን አታውቅም።

ድርቁ ነበር፣ ጦርነቱ ነበር፣ የመንግሥት ዝምታም ነበር። በጥቅምት 1984 የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ሰው መሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት ምስል ዓለምን አስደነገጠ። ያንን አይተው ከተነሱት አንዱ አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ነው። ከሚጅ ዩር ጋር ሆኖ የገና ዘፈን ጻፈ፤ የጊዜውን ዘፋኞች ሰብስበው ቀረጹት፣ ገንዘቡም ለረሃቡ ሆነ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት ተዘጋጀ፤ ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየምና ፊላደልፊያ ጄኤፍኬ ስታዲየም፣ በአንድ ቀን፣ በቀጥታ የቴሌቪዥን ሥርጭት። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ተመልክቶታል ይባላል።

ለተማሪዬ ጥያቄ ይህን ቀን የመረጥኩት ሦስት ታላላቅ ድምፃውያን በአንድ ቀን መድረክ ላይ ስለነበሩ ነው። ሦስቱም ያው የሱ ጥያቄ ነበረባቸው። አንዱ ባንዱን ትቶ ብቻውን መጣ። አንዱ ባንዱ ሊፈርስ የቀረው ጥቂት ጊዜ ነበር። አንዱ ደግሞ ብቻውን ሞክሮ ከባንዱ ጋር መጣ።

ብቻውን የመጣው

ሚክ ጃገር ነው። ሮሊንግ ስቶንስ ከ1962 ጀምሮ የነበረ ባንድ ነው፤ በ1981 ያወጡት አልበም በአሜሪካ አንደኛ ወጥቶ ሳምንታት ቆይቶ ነበር። ጃገር በፌብሩዋሪ 1985 የመጀመሪያ የግል አልበሙን አወጣ። አልበሙ በአሜሪካ 13ኛ ደረጃ ደረሰ። ለጀማሪ ቢሆን ድግስ ያስደግሳል፤ ለስቶንሱ ጃገር ግን ዝቅታ ነው። የጊታር ተጫዋቹ ኪት ሪቻርድስ በነገሩ ክፉኛ ተቀየመ።

በዚያ ቅዳሜ ጃገር ፊላደልፊያ ላይ ያለ ስቶንስ ወጣ። ከኋላው የሚጫወቱለት የሌላ ሰው ባንድ ሙዚቀኞች ነበሩ። ከአዲሱ አልበሙ ሁለት ዘፈን ካቀረበ በኋላ ወደ ስቶንስ ዘፈን ተመለሰ፣ ከቲና ተርነር ጋርም አብሮ ተጫወተ። ልብ በሉ፣ ኪት ሪቻርድስና ሮኒ ዉድ ያን ቀን እዚያው ስታዲየም ነበሩ! ማታ ላይ ቦብ ዲላንን በጊታር ሊያጅቡ ወጡ። የአንድ ቤት ልጆች አንድ ሰርግ ተጠርተው በተለያየ ድንኳን እንደ መቀመጥ ነው።

በ1987 ጃገር ሁለተኛውን የግል አልበም አወጣ፤ በአሜሪካ 41ኛ። በ1988 በግሉ ጃፓንና አውስትራሊያ ዞረ፤ ሕዝቡ እየጠበቀ የሚጮህለት ግን የስቶንስን ዘፈን ነው። በ1989 ታረቁ፤ አዲስ አልበም አውጥተው ስታዲየም ለስታዲየም ዞሩ፤ ከዚያ በኋላም ለአሥርት ዓመታት እንደዚያው ስታዲየም ሲሞሉ ኖሩ። ድምፁ ያው የጃገር ድምፅ ነው። የተለየው ከኋላው የቆመው ሰው ነው።

ባንዱ ሊፈርስ የነበረው

ጌልዶፍ ራሱ። ብዙዎቻችን የምናውቀው በእርዳታ ሥራው ነው። ከዚያ በፊት ግን ቡምታውን ራትስ የተባለ ባንድ ድምፃዊ ነበር። ባንዱ በ1978 እና በ1979 በእንግሊዝ ሁለት ጊዜ አንደኛ የወጣ ዘፈን ነበረው። የኛ ረሃብ በተሰማበት ጊዜ ግን ገበያቸው ቀዝቅዞ ነበር።

ከላይቭ ኤይድ በኋላ ጌልዶፍን የማያውቅ አልነበረም። ንግሥቲቱ የክብር ማዕረግ ሰጠችው። ባንዱ በ1986 ፈረሰ፤ እሱም በዚያው ዓመት የግል አልበም አወጣ። እንግዲህ አስቡት፣ ይሄን ሁሉ ስም ይዞ! የመጀመሪያው ዘፈኑ በእንግሊዝ 25ኛ ሆነ። በ1990 ያወጣው ሌላ ዘፈን ደግሞ 15ኛ ድረስ ሄደ፤ አንደኛነቱን ግን ዳግም አላየውም። በ2013 ባንዱን መልሰው አቋቋሙት።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ መታወቅና መደመጥ ይለያያሉ። "ሕዝቡ የሚያውቀው አንተን ነው" ላለህ ሰው ይህን ንገረው። አዎ፣ ያውቀኛል፤ ግን የሚሰማው ማንን ነው?

ብቻውን ሞክሮ ከባንዱ ጋር የመጣው

ፍሬዲ መርኩሪ። ይሄን ሰው ተማሪዎቼ በ2018ቱ ፊልም ታውቁታላችሁ። ፊልሙ ጥሩ ፊልም ነው፣ ታሪኩን ግን አጣሞታል። ፍሬዲ የግል አልበም ለመሥራት ብሎ ባንዱን የበተነ፣ ላይቭ ኤይድ ላይ ታርቀው የተገናኙ አስመስሎታል። እንዲያ አይደለም። ከፍሬዲ በፊት የግል አልበም ያወጣው ድራመሩ ሮጀር ቴይለር ነው፣ በ1981። ጊታሪስቱ ብራያን ሜይም በ1983 የራሱን ሥራ አውጥቷል። ኩዊንም አልተበተነም፤ በ1984 አልበም አውጥተው እስከ ሜይ 1985 ድረስ ሲዞሩ ነበር።

የፍሬዲ የግል አልበም የወጣው በኤፕሪል 1985 መጨረሻ ነው። አሥራ አንድ ዘፈን አለው፤ አሥራ አንዱንም የጻፈው እሱ ነው። በእንግሊዝ 6ኛ ደረሰ። በአሜሪካ ግን 159ኛ! የሰውየው ድምፅ በዓለም ላይ ካሉት ድምፆች አንዱ ነው፤ የደከመ ጉሮሮም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ላይቭ ኤይድ ሆነ። ኩዊን ዌምብሌይ ላይ የተሰጣቸው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ከግል አልበሙ አንድም ዘፈን አልዘፈነም። ስድስት ዘፈን ነው ያቀረቡት። ሦስቱ የፍሬዲ ድርሰት ናቸው፤ ሁለቱ የብራያን ሜይ፣ አንዱ የሮጀር ቴይለር። ያ ሰባ ሺህ ገደማ ሕዝብ እጁን ከፍ አድርጎ በአንድ ላይ ሲያጨበጭብ የምታዩት ዝነኛ ምስል አለ አይደል? "ራዲዮ ጋ ጋ" ነው፤ የድራመሩ ድርሰት። እግሩን እየመታ ስታዲየሙን የሚያናውጠው ሌላው ዘፈን ደግሞ የጊታሪስቱ ነው። እኛ የፍሬዲ ሃያ ደቂቃ ብለን እናወራለን እንጂ ግማሹን የጻፉት ከኋላው የነበሩት ናቸው።

ይህን ቪዲዮ ትናንት ማታ ለእናቴ በስልኬ አሳየኋት። ዘፋኙን ብዙም አላየችውም፤ ዓይኗ ሕዝቡ ላይ ነበር። "ይሄ ሁሉ ሰው ለኛ ብሎ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ስልኩን መልሳ ሰጥታኝ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። እኔም ከዚያ በኋላ ብዙ መጻፍ አልቻልኩም፤ ይሄን ፖስት ዛሬ የጨረስኩት ለዚያ ነው።

ወደ ጉዳያችን። ዋናው ማስረጃዬ የሚመጣው ፍሬዲ ከሞተ በኋላ ነው። በኖቬምበር 1991 አረፈ። በ1995 የቀሩት ሦስቱ አንድ አልበም አወጡ። እዚያ ውስጥ ከዚያ ከግል አልበሙ ሁለት ዘፈን ወሰዱ። ድምፁን እንዳለ ትተው ሙዚቃውን አፍርሰው በራሳቸው ጊታርና ድራም እንደገና ሠሩት። ሁለቱንም አንድ ላይ አዳምጧቸው። ቃሉ ያው፣ ድምፁ ያው፣ የተቀረጸበት ቀን ሳይቀር ያው ነው። የመጀመሪያው የአንድ ሰው ዘፈን ነው። ሁለተኛው ግን ኩዊን ነው፤ አልበሙም በእንግሊዝ አንደኛ ወጣ።

ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ አንድ ነው። ባንድ ውስጥ "አይሆንም" የሚልህ ሰው አለ። ብቻህን ስትሆን የምትቀጥራቸው ሙዚቀኞች ከባንድህ ልጆች የተሻሉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን የሚከፈላቸው አንተ ያልካቸውን ሊጫወቱ ነው። ያልካቸውን ይጫወታሉ። ችግሩ እሱ ነው። ፊልሙ ብዙ ቢያጣምምም ይቺን ነገር ግን በፍሬዲ አፍ በደንብ ተናግሯታል። ኩዊን ውስጥ አራቱም ዘፈን ይጽፉ ነበር፣ አራቱም ይጨቃጨቁ ነበር። ከዚያ ጭቅጭቅ ያለፈ ዘፈን ብቻ ነው እኛ ጋ የደረሰው።

ሁሉም ግን አይወድቅም። ያን ቅዳሜ ለንደን ዘፍኖ በኮንኮርድ አውሮፕላን ፊላደልፊያ ደርሶ የዘፈነው ፊል ኮሊንስ በዚያው ዓመት የግል አልበሙ በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ ነበር፤ ከባንዱ ከጀነሲስ በልጦ ታወቀ። እሱ ግን ዘፋኝ ከመሆኑ በፊት ለዓመታት ከሌላ ዘፋኝ ኋላ ድራም ሲመታ የኖረ ሰው ነው። ፍሬዲም ቢሆን በ1987 ከኦፔራ ዘፋኟ ሞንሴራት ካባዬ ጋር የዘፈነው "ባርሴሎና" በእንግሊዝ 8ኛ ወጥቶለታል፤ በ1992 እንደገና ሲወጣ 2ኛ ሆነ። እዚያ ግን አጠገቡ የቆመችው ተቀጣሪ አይደለችም። እኩያው ናት።

እኛ ሀገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እኛ ዘንድ ካሴቱ ላይ ትልቁ ስም የድምፃዊው ነው፤ ባንዱ "አጃቢ" ይባላል። ማሕሙድ አሕመድን የማያውቅ የለም። ከኋላው የነበረውን አይቤክስ ባንድን፣ ኋላ ሮሃ ባንድ የሆነውን፣ ስንቶቻችን እናውቃለን? እነዚያ ልጆች የስንቱን ድምፃዊ ሥራ ሠርተዋል። "አጃቢ" የሚለው ቃል ራሱ ያሳስተናል፤ እንደ ድስት ክዳን ተነስቶ የሚቀመጥ ነገር ያስመስላቸዋል።

አሁን ስለራሴ ልናገር፤ ማስተማሬ ካልቀረ። የዛሬ ስድስት ዓመት ክረምት አራት መምህራን ሆነን ቱቶሪያል ከፍተን ነበር። ተማሪው "የታሪኩ ቲቸር፣ የታሪኩ ቲቸር" ሲል ልቤ አበጠ። በሚቀጥለው ክረምት ለብቻዬ ክፍል ተከራየሁ። መጀመሪያ አርባ ልጅ መጣ፤ በወሩ አሥራ ሁለት ቀረ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ያኔ የሒሳቡ መምህር ከኋላ ተቀምጦ ያዳምጠኝና ሲያልቅ "ዛሬ የነገርካቸው ማንም አልገባውም፤ ነገ ድገመው" ይለኝ ነበር። እናደድበት ነበር። ለካ ጎበዝ መምህር ያደረገኝ እሱ ነው። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ አሁንም ቡና አብረን እንጠጣለን፤ ቱቶሪያሉ ግን አልተመለሰም።

እንግዲህ ልጄ፣ መልሴ ይሄ ነው። ድር ቢያብር ምናምን ብዬ አልሸኝህም፤ እሱ ለስብሰባ ነው። ወረቀት አውጣና ሕዝቡ የሚወድላችሁን ዘፈኖች ጻፍ። ከጎናቸው ዜማው የማን ሐሳብ እንደነበር፣ ቤዙን ማን እንዳመጣው፣ "ይሄ ይቅር" ያለው ማን እንደሆነ በሐቅ ጻፍ። ሁሉም ቦታ ያንተ ስም ብቻ ከወጣ ውጣ፣ ግድ የለም። ካልወጣ ግን ያ ሰውዬ የሚገዛው ግማሽህን ነው።

የግልህን መሥራት ካማረህ ደግሞ ሥራ፤ ኩዊኖችም ሠርተዋል። ልምምዱን ግን አትተው። በ1989 ኩዊኖች አንድ ነገር ወሰኑ፤ ዘፈኑን ማንም ይጻፈው ማን፣ አልበሙ ላይ የሚጻፈው "ኩዊን" ብቻ እንዲሆን። እናንተም ገና ገንዘብ ሳይመጣ ቁጭ ብላችሁ እንዲህ ያለውን ተነጋገሩ። ገንዘብ ከመጣ በኋላ መነጋገር ይከብዳል።

በኔ ቦታ ቢሆኑ ላልከኝ፣ እኔ በቦታህ ብሆን አልወጣም። አንድ ጊዜ ወጥቼ አይቼዋለሁ።

በሰባ ሰባት የነበራችሁ ታላላቆቼ፣ ያን ኮንሰርት ያኔ በራዲዮም ሆነ በወሬ የሰማችሁ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ለእናቴ አነብላታለሁ። የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ የምትወዱትን ባንድ የድራመሩን ስም ጻፉ። ጎግል ሳታደርጉ!

ሰላም እደሩ።