አዲስ አበባ ያየችው ፊልም ዲላ ሲደርስ

በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ፣ በጠመኔ የተጻፈ የፊልም ስም፣ መስኮቱ በጆንያ የተከደነ ክፍል፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበር... በ1990ዎቹ ዲላ ላደግን ልጆች ሲኒማ ማለት ይኸው ነበር። በቡና ለቀማ ሰሞንማ መቆሚያም አይገኝ! ሹዋዚንገርንም ሻሩክ ካንንም የተዋወቅናቸው እዚያ ነው።

ታዲያ ስለ ባለመብት የጠየቀ ሰው አናስታውስም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ደራሲ መብት አንቀጾች ቢኖሩም ዋናው ሕግ፣ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410፣ የወጣው በ1996 ነው። ሆን ብሎ መብት የጣሰን ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል ይላል። አገራችን ያኔ የበርን ስምምነት አባል ስላልነበረች ግን የሆሊውዱ ባለቤት ይከሰኛል ብሎ የሚሰጋ ቪዲዮ ቤት አልነበረም።

ጣጣው የመጣው ከአማርኛ ፊልም ጋር ነው። ናይጄሪያዎች ፊልማቸውን በካሴት በየገበያው በትነው ኢንዱስትሪ ሲያቆሙ፣ የእኛዎቹ ፕሮዲውሰሮች ቅጂ ፈርተው ሲኒማ ቤት ላይ ሙጭጭ አሉ። ፊልሙ አዲስ አበባ ላይ ለወራት ይታያል፤ ቪሲዲው እስኪወጣ ዘመን ይቆጠራል። የ«ቀዝቃዛ ወላፈን» አዘጋጅ ቴዎድሮስ ተሾመ እንዲያውም የራሱን ሲኒማ ቤት፣ ሴባስቶፖልን፣ አዲስ አበባ ላይ ከፍቷል። አንፈርድባቸውም፤ አንዲት ዲስክ ካመለጠች የዓመት ልፋት ውኃ በላው ማለት ነው።

ግን ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሞያሌ መንገድ ላይ የተቀመጠው ዲላስ? ወሬው ቀድሞ ይደርሳል፤ ፊልሙ አይደርስም። ይርጋ ጨፌ ወይም ቡሌ ከሆናችሁማ አታንሱት። ክፍተቱን የሞላው ኮፒ ነው። መጀመሪያ ሲዲ፣ በ2000ዎቹ ደግሞ ፍላሽና ሚሞሪ፤ መናኸሪያ አካባቢ ኮምፒውተር ዘርግቶ «ፊልም ይጫናል» የሚል ወጣት። ሌባ እንበለው? በሕጉ አዎ። ለእኛ ሰፈር ግን የነበረው አከፋፋይ እሱ ብቻ ነበር፤ ኦሪጅናሉን ልግዛ ያለም የሚገዛበት አልነበረውም።

ኢንተርኔቱ ሲመጣ ፕሮዲውሰሮቹ ራሳቸው ፊልሞቻቸውን ዩቲዩብ ላይ መጫን ጀመሩ፤ ዘግይተውም ቢሆን ለዲላ ተመልካች በሩ ተከፈተ። ዳታ ውድ የሆነበት ሰው ግን ፊልሙን አንድ ጊዜ አውርዶ ለጓደኛው በብሉቱዝ ወይም በቴሌግራም ያቀብለዋል፤ ያ ተመልካች ደግሞ ዩቲዩብ ላይ አይቆጠርም።