ከሄልሲንኪ ቶኪዮ ስንት ሰዓት ነው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የፊንላንድን ዋና ከተማ ከጃፓን ዋና ከተማ የሚለያት በቀጥታ ሲለካ 7,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ባለፉት 40 ዓመታት አንድ ስንዝር አልተለወጠም። የጉዞው ሰዓት ግን ሁለት ጊዜ ተለዋውጧል። የለወጠውም ፖለቲካ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጭሩ መንገድ የሚያልፈው በሳይቤሪያ ሰማይ ላይ ነው። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ሶቪየት ኅብረት ይህን ሰማይ ለአብዛኞቹ የምዕራብ አየር መንገዶች ዘግታው ነበር። ስለዚህ ከአውሮፓ ወደ ጃፓን የሚሄድ መንገደኛ ወይ በደቡብ በኩል በእስያ ከተሞች እያረፈ ይጓዛል፤ ወይ ደግሞ የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1957 ከኮፐንሃገን በጀመረው መስመር አላስካ፣ አንኮሬጅ ላይ አርፎ ይቀጥላል። በ1983 የፊንላንዱ ፊንኤር ሳያርፍ መሄድ ቻለ። ዲሲ-10 አውሮፕላኑ የሰሜን ዋልታን ተሻግሮ፣ የሶቪየትን ሰማይ ዞሮ፣ በ13 ሰዓት ገደማ ቶኪዮ ይገባ ነበር።

ያን ሁሉ መዞር ለምን እንዳስፈለገ ያው ዓመት አሳየ። በሴፕቴምበር 1 ቀን 1983 ከአንኮሬጅ ወደ ሴኡል ሲበር መስመሩን የሳተ የኮሪያ አየር መንገድ ቦይንግ 747 በሶቪየት ተዋጊ ጄት ተመትቶ ወደቀ። የተሳፈሩት 269 ሰዎች በሙሉ አለቁ።

ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ ሰማዩ ተከፈተ። በነጻ ግን አልነበረም፤ አየር መንገዶቹ በሳይቤሪያ ለማለፍ ለሩሲያ ይከፍሉ ነበር። ጉዞው ወደ 9 ሰዓት ተኩል ወረደ። ፊንኤርም ገበያውን በዚህ አጭር መንገድ ላይ ገነባ፤ ሄልሲንኪ ከአውሮፓ ወደ እስያ መሸጋገሪያ ሆነች።

ከዚያ ፌብሩዋሪ 2022 መጣ። ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች። የአውሮፓ ኅብረት ሰማዩን በሩሲያ አውሮፕላኖች ላይ ዘጋ፤ ሩሲያም በማግስቱ የራሷን ለ36 አገሮች ዘጋች። ፊንኤር በማርች ወደ ቶኪዮ መብረር ሲጀምር የተመለሰው ወደዚያው የዋልታ መንገድ፣ ወደዚያው 13 ሰዓት ነው። አውሮፕላኑ ዘመናዊ ኤርባስ ኤ350 ቢሆንም የተዘጋን ሰማይ አይከፍትም። ሩሲያ ያልዘጋችባቸው የቻይና አየር መንገዶች ግን በአጭሩ መንገድ ማለፋቸውን ቀጠሉ።

ይህን ታሪክ ለመረዳት እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አዲስ አበባና አስመራ በ700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ የአንድ ሰዓት ከምናምን በረራ ነው። ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ ግን ያችን አንድ ሰዓት ለመብረር 20 ዓመት ተጠበቀ። በጁላይ 2018 አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሰው አስፋልት ላይ ተቃቅፎ አለቀሰ። በሴፕቴምበር 2024 በረራው እንደገና ተቋረጠ።

ስለዚህ ሁለት ከተሞች ምን ያህል እንደሚራራቁ ስትጠየቁ ኪሎ ሜትሩን ብቻ አትንገሩ። በመሃል ያለው ሰማይ የማን እንደሆነ፣ ባለቤቱም ከማን ጋር እንደተጣላ ጠይቁ።