ሳይዘጉ ማዘመን

ሳይዘጉ ማዘመን ማለት አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ተከፍቶ ሥራ ላይ እያለ ፋይሎቹን በአዲስ ቅጂ መተካት ነው። በባለሙያዎች አፍ «ላይቭ አፕዴት» ወይም «ሆት አፕዴት» ሲባል ይሰማል። «ማዘመን» እና «ዝማኔ» የሚሉትን ቃላት የአንድሮይድ ስልኮች የአማርኛ ገጽ አስለምዶናል፤ እነሱን እንዳሉ ወስጄ «ሳይዘጉ» የሚለውን ጨምሬበታለሁ። የነገሩ ክብደት ያለውም እዚሁ ጭማሪ ላይ ነው።

ክብደቱን ለማየት ደሎ መናን ማሰብ ይበቃል። ከተማዋ ከሐረና ደን በታች፣ የባሌ ደጋ ወደ ቆላ በሚወርድበት በኩል ናት። ጎባና ሮቤ ከላይ ናቸው፤ በመካከል ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው የሳነቴ አምባ አለ። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ፕሮግራም እያዘመነ ሳለ መብራት ቢጠፋበት፣ የሚተርፈው ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ የሆነ፣ ጨርሶ የማይከፈት ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። የሚያቃናው ባለሙያ ከሮቤ ቢመጣ ተራራውን ተሻግሮ ነው። አንድ ዝማኔ በደንብ መሠራቱ የሚፈተነው፣ በእኔ እምነት፣ መብራት በየትኛዋም ደቂቃ ሊሄድ በሚችልበት በዚህ ዓይነት ቤት ነው።

ችግሩ ከምን ይመጣል? ፕሮግራም ሲከፈት ኮምፒውተሩ ፋይሉን በሙሉ አንብቦ ሜሞሪ ላይ አይጭነውም። ለጊዜው የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ ያነባል፤ የቀረው ዲስኩ ላይ ይቆይና ተጠቃሚው አንድ ነገር ሲያዝ ተራው ይደርሳል። ሰው ደብዳቤ እየጻፈ ሳለ ያ ፋይል በአዲስ ቅጂ ቢሸፈን፣ ቀጥሎ የሚነበበው ክፍል ከአዲሱ ይመጣና ቀድሞ ከተነበበው ጋር አልገጥም ይላል። ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ ሴቭ ያልተደረገው ጽሑፍም አብሮት ይሄዳል።

ዊንዶውስ ይህን ገና ከመነሻው ይከለክላል። ሥራ ላይ ባለ የፕሮግራም ፋይል ላይ መጻፍም ሆነ ፋይሉን መሰረዝ አይቻልም፤ «ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ተይዟል» የሚል መልእክት የሚመጣው ለዚህ ነው። ፊደሎቻችንም ፋይሎች ስለሆኑ ከዚህ አያመልጡም። በ1999 ዓ.ም. ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው «ናይላ» የተባለው የግዕዝ ፎንት ስሙን ያገኘው ባሌ ተራሮች ላይ ከሚኖረው ከደጋ አጋዘን ነው። እንዲህ ያለ ፎንት አንድ ፕሮግራም ይዞት እያለ በአዲስ ቅጂ ልተካው ቢሉ ብዙ ጊዜ እሺ አይልም።

ዊንዶውስ ግን አንድ ነገር ይፈቅዳል፤ የተያዘውን ፋይል ስም መቀየር። ሳይዘጉ የማዘመን ዘዴ በአብዛኛው የቆመው በዚህች ፈቃድ ላይ ነው። አዘማኙ የድሮውን ፋይል ሌላ ስም ይሰጠውና አዲሱን በድሮው ስም ያስቀምጣል። ተከፍቶ ያለው ፕሮግራም ፋይሉን የያዘው በስሙ ስላልሆነ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ከአሮጌው ጋር ሥራውን ይቀጥላል። ተዘግቶ ሲከፈት ስሙን ተከትሎ ሄዶ አዲሱን ያገኛል፤ አሮጌውን ማጥፋት የሚቻለው ያን ጊዜ ነው። ሊኑክስ ላይ ነገሩ ይቀልላል፦ ስሙ ቢሰረዝ እንኳ ይዘቱ፣ የያዘው የመጨረሻው ፕሮግራም እስኪዘጋ ድረስ፣ ዲስኩ ላይ ይቆያል።

ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚወርደው መንገድ ላይ አንድ ድልድይ ቢያረጅ፣ አስተዋይ መሐንዲስ አሮጌውን አፍርሶ አዲሱ እስኪያልቅ መኪናዎችን ደን ውስጥ አያቆምም። አዲሱን ከጎኑ ይሠራል፤ ሲያልቅ መንገዱን ያዞራል፤ አሮጌውን የሚያፈርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጎግል ክሮም በዊንዶውስ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ ቅጂ የራሱ ቁጥር የተጻፈበት ፎልደር አለው። አሮጌው እየሠራ አዲሱ አጠገቡ በሙሉ ይዘረጋል፤ ክሮም ተዘግቶ ሲከፈት መነሻው ወደ አዲሱ ይዞራል። ፋየርፎክስም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ አዲሱን ቅጂ ከጀርባ አዘጋጅቶ የመቀየር መንገድ ይዟል። ከአንድሮይድ 7 ወዲህ ደግሞ ይህን የሚደግፉ ስልኮች ሥርዓተ ክወናቸውን በሁለት ክፍል ያስቀምጣሉ፤ በአንዱ እየተሠራ ሌላው ይዘመናል፤ አዲሱ አልነሳ ቢል ስልኩ ወደ ድሮው ይመለሳል።

መብራት ሲጠፋ የሚያድነው ቅደም ተከተሉ ነው። አዲሱ ቅጂ በመጀመሪያ በሌላ ፎልደር ይወርዳል፤ ኔትወርኩ ቢደክምና ማውረዱ ሌሊቱን ቢያድር ማንንም አይጎዳም። ሲያልቅ ሳይጎድል መምጣቱና ከእውነተኛው አዘጋጅ መሆኑ ይረጋገጣል። ከዚያ በኋላ ብቻ ስም ይለወጣል፤ አደጋ ሊኖር የሚችለው በዚያች ቅጽበት ነው። ዊንዶውስ በሐርድ ዲስክ ላይ የሚጠቀምበት ኤንቲኤፍኤስ የተባለው የፋይል አያያዝ እንዲህ ያለውን ለውጥ አስቀድሞ በመዝገብ ስለሚጽፍ፣ መብራት ሲመለስ ወይ አሮጌው ስም ወይ አዲሱ ይገኛል፤ መሀል ላይ የተንጠለጠለ አይኖርም። ብዙ ፍላሾች የሚቀረጹበት ፋት 32 ግን ይህ መዝገብ የለውም። ፕሮግራም ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ በሚሄድበት አገራችን ይህ ሊታወቅ ይገባል፦ ከፍላሽ ላይ የሚሠራን ፕሮግራም እዚያው ፍላሹ ላይ ማዘመን አደጋ መጋበዝ ነው። አንድ በአንድ ስማቸው የሚለወጥ መቶ ፋይሎች ያሉት ፕሮግራምም ሃምሳኛው ላይ መብራት ቢሄድበት ተደባልቆ ይቀራል። ሁሉን በአንድ ፎልደር አዘጋጅቶ አንዴ ብቻ የሚያዞረውን የክሮምን መንገድ አብልጬ የምወደው ለዚህ ነው።

ፋይል መቀየሩ ተሳካ ማለት ግን ፕሮግራሙ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ሊኑክስ ላይ ፋየርፎክስ ተከፍቶ እያለ ፋይሎቹ ከሥሩ ከተለወጡ፣ አዲስ ገጽ ሲከፈት «መጀመሪያ ዝጋና ክፈተኝ» ይላል፤ የተከፈተው ክፍል አሮጌ፣ አዲስ የሚነሳው ክፍል አዲስ ስለሚሆኑ አይግባቡም። ብዙ የሒሳብ ሠራተኞቻችን ኮሌጅ ሳሉ የተማሩት ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ደግሞ ሳይዘጉ ላለማዘመን ከዚህ የባሰ ምክንያት አለው። በኔትወርክ ሲሠራበት ሁሉም ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ቅጂ ሊኖራቸው ያስፈልጋል፤ የድርጅቱ መዝገብ በአዲሱ ቅጂ አንዴ ከተቀየረም በአሮጌው ተመልሶ አይከፈትም። የፕሮግራሙን ፋይል ስም ለውጦ መመለስ ይቻላል፤ የተለወጠን የሒሳብ መዝገብ ግን በዚያ መንገድ መመለስ አይቻልም። እዚህ ላይ ሳይዘጉ ማዘመንን ማንም እንዲሞክር አልመክርም። ሁሉም ሰው ይውጣ፣ ባክአፕ ይያዝ፣ ከዚያ ይዘመን።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ በየኮምፒውተሩ ሥራ ላይ ላለው ፕሮግራሙ አንድ የተሳሳተ ፋይል ላከ። ፋይሉ ሪስታርት ሳይጠብቅ ወዲያው ተነበበ። በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ወደቁ፤ በብዙ አገሮች በረራዎች ተሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ተስተጓጎሉ። ብዙዎቹን ለማንሳት ሰው በአካል ኮምፒውተሩ ፊት መቀመጥ ነበረበት። ሳይዘጉ የሚያዘምን ሰው ለጥቂቶች ልኮ ሳያይ ለሁሉም መላክ የለበትም የምለው ከዚህ ተነስቼ ነው።

ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ሜሞሪ ላይ ያለውን ፕሮግራም ራሱን የሚለውጡም አሉ። የስዊድኑ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለስልክ ማዞሪያ ጣቢያዎች ያዘጋጀው ኤርላንግ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ፣ ጥሪ ሳይቋረጥ የአንድን ክፍል አሮጌና አዲስ ቅጂ ጎን ለጎን ያሠራል። ሊኑክስም ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ዋና አካሉን ሪስታርት ሳያደርግ የሚጠግንበት ዘዴ አለው። ይህ ለትልልቅ ሰርቨሮች ነው፤ በጽሕፈት ቤቶቻችን ጠረጴዛ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች ግን በመጨረሻ መዘጋት አለባቸው።

ይህ መጨረሻ በብዙ ቢሮዎች ይዘነጋል። ፋይሉ ቢዘመንም ፕሮግራሙ እስካልተዘጋ ድረስ የሚሠራው አሮጌው ነው፤ ዝማኔው ሊደፍነው የመጣው የደኅንነት ቀዳዳም ክፍት ነው። ዊንዶውስ ራሱ ተይዘው ስላሉ ሊተካቸው ያልቻላቸውን ፋይሎች ዝርዝር ይዞ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ፣ ሌሎች ፕሮግራሞች ሳይቀድሙት ይለውጣቸዋል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ግን ፈጣን ማስነሻው ከበራ «ሻት ዳውን» የሥርዓቱን ዋና ክፍል ዲስክ ላይ እንዳለ አስቀምጦ በማግስቱ ያንኑ ያነሳል። ማታ ማታ ኮምፒውተሩን በአግባቡ የሚያጠፋ ጸሐፊ ዝማኔው አልገባለት ቢል፣ የጎደለው «ሻት ዳውን» በሚለው ፈንታ «ሪስታርት» የሚለውን መጫን ሊሆን ይችላል።