ውኃው ወዴት ሄደ? የስሪ ማይል አይላንድ ትረካ

እስቲ ጠጋ በሉና አድምጡኝ። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሳስኩሃና የሚባል ሰፊ ወንዝ አለ። ከሃሪስበርግ ከተማ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርዱ ወንዙ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ያቀፋት ደሴት ትገኛለች፤ ስሪ ማይል አይላንድ ይሏታል። በዚህች ደሴት ላይ ሁለት የኑክሌር ሪአክተሮች ተገነቡ፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1974፣ ሁለተኛው በ1978 መጨረሻ ሥራ ጀመሩ። የማወጋችሁ ስለ ሁለተኛው ነው፤ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው ስለቀረው።

ለመሆኑ ለምን ወንዝ ተፈለገ? ሪአክተሩ ውስጥ ዩራኒየም ሲሰነጠቅ የሚወጣው ሙቀት ውኃን ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ያግላል። ውኃው በከባድ ግፊት ስለታመቀ አይፈላም፤ ሙቀቱን በቱቦ ግድግዳ በኩል ለሌላ ውኃ አስረክቦ ይመለሳል። እንፋሎት ሆኖ ተርባይኑን የሚያሽከረክረው ያ ሁለተኛው ውኃ ነው። እንፋሎቱን መልሶ የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ሦስተኛ ውኃ ነው፤ በትላልቅ ማማዎች ውስጥ እየበረደ ይዞራል፣ የተነነውን ሳስኩሃና ይተካል። ከማማው አናት የሚወጣው ነጭ ነገርም ጭስ ሳይሆን የዚሁ ውኃ ተን ነው።

ረቡዕ መጋቢት 28 ቀን 1979፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ ሁለተኛውን ውኃ የሚገፉት ፓምፖች ቀጥ አሉ። ተርባይኑ ቆመ፣ ሪአክተሩም በሰከንዶች ውስጥ ራሱን አጠፋ። ነገር ግን የኑክሌር እሳት ጠፋ ቢባልም ፍሙ ይቆያል፤ ውኃ ካላገኘ ራሱን ያቀልጣል።

ግፊቱ ሲንር አንድ ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፈተ። ግፊቱ ሲወርድ መዘጋት ነበረበት፤ ተጣብቆ ሳይዘጋ ቀረ። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ያለችው መብራት ግን ጠፋች። ልብ በሉልኝ! መብራቷ የተሠራችው ቫልቩ መዘጋቱን አይታ እንድትናገር አልነበረም፤ «ዝጋ» የሚል ትእዛዝ መላኩን ብቻ ነበር የምታሳውቀው። ተረኞቹ መብራቷን አዩና ተዘግቷል ብለው አመኑ። ከመቶ በላይ የማስጠንቀቂያ ደወሎች በአንድ ላይ ይጮሃሉ፣ ውኃው በተከፈተው ቫልቭ ይወጣል፤ የአንዱ ጋን መለኪያ ግን ውኃው ሞልቷል ይላል። እነሱም በሠለጠኑት መሠረት፣ ሪአክተሩን ለማዳን የገባውን የአደጋ ጊዜ ውኃ ቀነሱት።

ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ አለፈ። ሌላ ኃላፊ መጥቶ ነገሩ አጠራጠረው፤ ከተጣበቀው ቫልቭ ቀጥሎ ያለውን መዝጊያ አስዘጋ። እስከዚያ ግን ከ120 ሺህ ሊትር በላይ ውኃ ፈሷል፣ ነዳጁም ራቁቱን ቀርቶ መጎዳት ጀምሯል።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ ከዚያ አንድ ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ፣ ኦሃዮ በሚገኘው ዴቪስ ቤሲ በተባለ ተመሳሳይ ጣቢያ ያው ዓይነት ቫልቭ ሳይዘጋ ቀርቶ ነበር። እዚያ ሪአክተሩ በዝቅተኛ ኃይል ይሠራ ስለነበር፣ ሠራተኞቹም ቶሎ ስለነቁ ጉዳት ሳይደርስ አለፈ። የዚያ ትምህርት ግን የሳስኩሃናዎቹ ተረኞች ጆሮ አልደረሰም። የዚያች ሌሊት ተረኞች ብቻቸውን ሲወቀሱ ስሰማ አይዋጥልኝም።

በሦስተኛው ቀን፣ አርብ፣ ገዥው ዲክ ቶርንበርግ በ8 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያሉ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት አካባቢውን እንዲለቁ መከሩ። ምክሩ ለጥቂቶች ነበር፤ የወጣው ሕዝብ ግን ወደ 140 ሺህ ይገመታል። ማን ይፈርድበታል? በሪአክተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ሃይድሮጅን ይፈነዳል የሚለው ወሬ በየቤቱ ገብቶ ነበር። እሑድ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ራሳቸው መጥተው መቆጣጠሪያ ክፍሉን ጎበኙ። ፍንዳታው አልመጣም። ያመለጠው ጨረር አነስተኛ እንደነበር የመንግሥት ጥናቶች ደመደሙ፤ ከነዋሪዎቹ መካከል ይህን እስከ ዛሬ የማይቀበሉ አሉ።

የጉዳቱ ልክ የታየው በ1982 ነው። መሐንዲሶች ትንሽ ካሜራ በገመድ ወደ ሪአክተሩ ሲያወርዱ፣ ነዳጅ ተደርድሮ መገኘት በነበረበት ቦታ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ባዶ ጉድጓድ አገኙ፤ ከሥሩ ፍርስራሽ። ኋላ እንደተረጋገጠው ግማሽ ያህሉ ነዳጅ ቀልጧል። የሪአክተሩ ወፍራም የብረት ጋን ግን ይዞታል። ጽዳቱ እስከ 1993 ዘልቆ አንድ ቢሊዮን ዶላር ያህል ፈጀ፣ ፍርስራሹም ወደ አይዳሆ ተጓዘ። ማስተንፈሻ ቫልቮችም ትእዛዙን ሳይሆን የራሳቸውን ሁኔታ በቀጥታ የሚያሳይ ምልክት እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ።

ጎረቤቱ አንደኛው ሪአክተር በ1985 ተመልሶ እስከ 2019 ሠራ፤ የተዘጋው ገበያው አላዋጣ ብሎት ነው። በ2024 ደግሞ ማይክሮሶፍት ኃይሉን ለ20 ዓመት ሊገዛ ተስማማና እንደገና የማስነሳቱ ሥራ ተጀመረ፤ ስሙም ክሬን ተባለ። ሁለተኛው አይመለስም። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጄኔሬተሩ ግን ምንም አልሆነም ነበርና፣ በ2010 ተጭኖ ወደ ሰሜን ካሮላይና ተወሰደ፤ ሺረን ሃሪስ በሚባል ሌላ የኑክሌር ጣቢያ ተተከለ።