የጨጓራ ባክቴሪያ በሕፃናት ላይ፦ ዘግይቶ የተጻፈ ታሪክ

ሕፃን ልጅ «ሆዴን» ብሎ ሲያለቅስ በአገራችን አስቀድሞ የሚጠረጠረው ወስፋት ነው። «ጨጓራ» የሚባለው ሕመም የአዋቂ፣ ይልቁንም ጭንቀት የበዛበት ወይም በርበሬ የሚያበዛ ሰው ዕጣ ተደርጎ ይታያል። የሕክምናው ዓለምም ከዚህ እምነት ብዙ የራቀ አልነበረም። የጨጓራ ቁስለት ከአሲድ ብዛትና ከጭንቀት የሚመጣ መሆኑን ለዐሥርተ ዓመታት ሲያስተምር ኖሯል።

ይህን እምነት ያናጉት በአውስትራሊያ የሮያል ፐርዝ ሆስፒታል ባልደረቦች ዶ/ር ሮቢን ዋረንና ዶ/ር ባሪ ማርሻል ናቸው። ፓቶሎጂስቱ ዶ/ር ዋረን እ.ኤ.አ. በ1979 ከጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ጠመዝማዛ ባክቴሪያዎችን ተመለከቱ። ባክቴሪያውን በቤተ ሙከራ የማራባቱ ሙከራ ደጋግሞ ከከሸፈ በኋላ፣ በ1982 በፋሲካ በዓል ምክንያት ሳይጣሉ የሰነበቱት ሳህኖች ውጤት አሳዩ፤ ጀርሙ ከተለመደው ሁለት ቀን የበለጠ ጊዜ ይፈልግ ነበርና። በ1984 ዶ/ር ማርሻል ባክቴሪያውን ራሳቸው ጠጥተው የጨጓራ ብግነት እንደሚያስከትል አሳዩ። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚለው ስም የተሰጠው በ1989 ሲሆን፣ ሁለቱ ሐኪሞች በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ዘወትር የሚተረከው ይህ ነው። እምብዛም የማይነሳው ግን ከጠንካራዎቹ ማስረጃዎች አንዱ ከሕፃናት የተገኘ መሆኑ ነው። ተጠራጣሪዎች ባክቴሪያው አስቀድሞ በታመመ ጨጓራ ላይ የሚሰፍር እንጂ የበሽታው ምንጭ አይደለም ይሉ ነበር። አዋቂዎችን ብቻ በመመርመር ይህን መመለስ አዳጋች ነው፤ አዋቂ ያጨሳል፣ ይጠጣል፣ አስፕሪን ይውጣል። በ1987 የቶሮንቶ የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ባሳተሙት ጥናት ባክቴሪያውን ያገኙት ብግነታቸው ሌላ ምክንያት ባልተገኘለት ልጆች ላይ ነበር። ብግነቱ በሌላ በሽታ ሳቢያ በመጣባቸው ልጆች ላይ ግን አልነበረም። የታመመ ጨጓራ ፈልጎ የሚሰፍር ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ዘንድ በተገኘ ነበር።

ባክቴሪያው በስንት ዓመት ዕድሜ ይገባል ለሚለው ጥያቄ መልስ የተገኘው ከአፍሪካ ነው። በጋምቢያ ገጠር ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች በ1992 ባክቴሪያውን ከሕፃናት ሰገራ አራቡት፤ በ2004 ባወጡት ጥናት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተያዙ ጨቅላዎች ከእኩዮቻቸው ክብደታቸውም ቁመታቸውም ያነሰ መሆኑን ገለጹ። ማብራሪያቸው ብግነቱ የጨጓራን አሲድ ሲቀንስ በምግብና በውኃ የሚገቡ ሌሎች ጀርሞችን የሚመልስ ዘብ አይኖርም፣ ተቅማጥም ይደጋገማል የሚል ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ታሪክ ከቡታጅራ ጋር የተያያዘ ነው። በ1996 የወጣ፣ የኢትዮጵያንና የስዊድንን ልጆች ያነጻጸረ ጥናት በገጠራችን ባክቴሪያው ገና ከትምህርት ዕድሜ በፊት የሚገባ መሆኑን አመለከተ። በኋላም በዚያው አካባቢ በ2005 እና በ2006 የተወለዱ ከ1 ሺህ የማያንሱ ሕፃናትን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች ባክቴሪያው ካለባቸው ልጆች ዘንድ የዕድገት መጓተትንና የሄሞግሎቢን ማነስን መዝግበዋል።

ሆኖም አብሮ መገኘት ምክንያት መሆን አይደለም። ባክቴሪያው የሚተላለፍበት የተጣበበ ቤትና የንጹሕ ውኃ እጦት ራሳቸው ልጅን ያቀጭጫሉ። በአላስካ ገጠር ብረት ላነሳቸው ልጆች ተደርጎ በ2006 የታተመ ሙከራም ብረቱን ከጸረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ጋር የወሰዱት ልጆች ብረት ብቻ ከወሰዱት የተሻለ ውጤት ከ14 ወራት በኋላ እንዳላሳዩ ገልጿል። አብዛኞቹ የተያዙ ልጆች ምንም ሕመም አይሰማቸውም፤ ቁስለት የሚይዛቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 ባክቴሪያውን ከካንሰር አምጪዎች የመደበበት የጨጓራ ካንሰርም የሚታየው ከብዙ ዐሥርተ ዓመታት በኋላ ነው።

በዚህም ምክንያት የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት በ2017 ባሳተሙት መመሪያ ሆዱን ያመመውን ልጅ ሁሉ መርምሮ ማከምን አልደገፉም። የደም አንቲቦዲ ምርመራንም ለምርመራ ብቁ አይደለም ብለውታል፤ አንቲቦዲው ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት በደም ውስጥ ይቆያልና።