በወህኒ ደጅ የቀረበ ኅብስት

የታሪክ መጻሕፍት የነገሥታትን ስም፥ የጦር አለቆችን ድልና የሊቃውንትን ክርክር በብዛት ጽፈው አቆይተውልናል። እኛ ግን ዛሬ ስማቸው ስላልተጻፈ ጥቂት ክርስቲያኖች እንናገራለን። የሠሩት ሥራ የአንድ ማታ ሥራ ነው፤ ፍሬው ግን ከ1,700 ዓመት በኋላም አልደረቀም።

ነገሩ የሆነው በላይኛው ግብጽ፥ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ312 ወይም በ313 ዓ.ም. ገደማ ነው። የሮም መንግሥት ለጦርነት ሰው ስለ ፈለገ ወጣቶችን በግድ እየያዘ በዓባይ ወንዝ በመርከብ ይወስድ ነበር። ከተያዙትም አንዱ ከአረማውያን ወላጆች የተወለደ፥ ዕድሜው 20 ዓመት ያህል የሆነ ጳኩሚስ የሚባል ወጣት ነበር። መርከቡ ዛሬ ሉክሶር ከምትባለው ከተማ በደረሰ ጊዜ ምልምሎቹ እንዳይሸሹ በወህኒ ተዘጋባቸው። በጭንቀት ሳሉም የከተማው ሰዎች በምሽት መብልና መጠጥ ይዘው መጥተው አበሉአቸው፥ አጽናኑአቸውም። ጳኩሚስ ተደንቆ፥ ሳያውቁን ስለ ምን እንዲህ ይራሩልናል ብሎ ጠየቀ። ክርስቲያኖች መሆናቸውን፥ ስለ ሰማይ አምላክ ብለውም ለሰው ሁሉ በጎ እንደሚያደርጉ ነገሩት።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። በ303 ዓ.ም. በዲዮቅልጥያኖስ ትእዛዝ የተነሣው ስደት በግብጽ ብዙ ደም አፍስሷል፤ የወህኒን መከራ የክርስቲያን ወገን ገና አልረሳውም ነበር። ሆኖም ኅብስት ያመጡት ሰዎች፥ እነዚህ የማን ወታደሮች ናቸው ብለው አልመረመሩም፤ መራባቸውን ብቻ አዩ።

በዚያች ሌሊት ጳኩሚስ ለብቻው ሆኖ ጸለየ፤ ከዚህ መከራ ነፃ ብወጣ ዕድሜዬን ሁሉ ሰውን አገለግላለሁ ብሎም ተሳለ። ጦርነቱ አልቆ እንጽና በምትባል ከተማ በተለቀቀ ጊዜ ስእለቱን አልረሳም። ሸኔሴት በምትባል መንደር ተጠመቀ፤ ቸነፈር በገባ ጊዜም ለድውያን እንጨት እየተሸከመ ያመጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ከአባ ጰላሞን ዘንድ ምንኵስናን ተምሮ፥ በ323 ዓ.ም. ገደማ በጠቤንሲ የአንድነት ገዳም መሠረተ፤ መነኰሳት በአንድ ማእድ እንዲበሉ፥ በአንድነት እንዲጸልዩ፥ በእጃቸው ሥራ እንዲኖሩ ሥርዓት ሠራ። ሲያርፍም 9 የወንዶችና 2 የሴቶች ገዳማት በእርሱ ሥርዓት ይኖሩ ነበር። ይህም ሥርዓት ወደ ግእዝ ተተርጕሟል፤ ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ፥ የደብረ ዳሞ መሥራች አባ አረጋዊም በአባ ጳኩሚስ ሥርዓት እንደ መነኰሰ ገድሉ ይናገራል። እንግዲህ በአገራችን የአንድነት ገዳማት የሚቆረሰው እንጀራ በዚያች ማታ ከቀረበው ኅብስት ጋር ዘመድ ነው።

አባ ጳኩሚስ የተቀበለውን ምሳሌ እስከ መጨረሻው ጠብቋል። በ346 ዓ.ም. ገደማ ታሞ በተኛ ጊዜ የተከናነበው ልብስ ስለ ከበደው ደቀ መዝሙሩን ቴዎድሮስን ቀለል ያለ አሮጌ ልብስ ለመነው። ቴዎድሮስ አዝኖለት ከመጋቢው ዘንድ ያማረ ልብስ አመጣለት። እርሱ ግን፥ አባታችን ከእኛ ይልቅ ተመችቶት ኖረ የሚል ማሰናከያ ለወንድሞች ትቶ መሄድን አልወደደምና አልተቀበለውም። ቴዎድሮስ ተመልሶ አሮጌ ልብስ ሲያመጣለት ግን ተከናነበው።

ጌታችን በተራራው ትምህርት ብርሃናችን በሰው ፊት እንዲበራ አዘዘን፤ ምጽዋታችንንም በስውር እንድናደርግ አዘዘን። ሁለቱ ትእዛዛት የሚጣሉ ለሚመስለው ሰው መልሱ የሉክሶር ክርስቲያኖች ሥራ ነው። የተራበውን የሚያይ ዓይን ማን ያየኛል ብሎ አይዞርም። ኅብስቱን ያመጡት ስለ ተራቡት ነው፤ የሥራቸውም ምክንያት በተጠየቀ ጊዜ ክብሩ የሰማይ አምላክ ሆነ። ስማቸውን ሳይተዉልን ምሳሌያቸውን ተዉልን።

ይህ ነገር አስቀድሞ የሚነካው እኛን ካህናትን ነው። ቃላችን በራዲዮ ሩቅ አገር ይደርሳል፤ ኑሮአችን ግን የሚታየው በጎረቤታችን ዘንድ ነው፥ ቃላችንም የሚመዘነው በዚያ ነው። በቤታችን የሚያገለግለን ሰው ደመወዙን በጊዜው ካላገኘ፥ ስብከታችን ለእርሱ ምን ይጠቅመዋል? ነጋዴውም በሚዛኑ፥ ሹሙም በፍርዱ፥ ወላጅም በልጆቹ ፊት በሚናገረው ቃል እንዲሁ ይመዘናል።

ስለዚህ፥ ምእመናን ሆይ፥ ለእስረኛ ስንቅ ስታደርሱ፥ የታመመውን ስትጠይቁ፥ እንግዳውን ስታሳድሩ፥ ይህ ትንሽ ነገር ነው ብላችሁ አትናቁት። ከተዘጋው ደጅ በስተጀርባ ማን እንደ ተቀመጠ እኛ አናውቅም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ከእኛ የሚፈለገው ኅብስቱን ይዘን መሄድ ነው። የአባታችን የአባ ጳኩሚስ ጸሎት፥ ስማቸውም በሰማይ የተጻፈ የእነዚያ ክርስቲያኖች በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።