የአርበኞች ስም በትምህርት ቤት ደጃፍ

ስድስት ኪሎ የሚገኘው፣ ለብዙ ዓመታት የካቲት 12 የተባለው ትምህርት ቤት ይህን ስም ያገኘው ከዚያው ሰፈር ታሪክ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጣልያን ገዥ የነበረው ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ለነዳያን ምጽዋት ሲያድል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። እሱ ቆስሎ ተረፈ፤ ለሦስት ቀን ያህል ደሙ የፈሰሰው የአዲስ አበባ ሕዝብ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ ለዓለም ያቀረበችው የሟቾች ቁጥር 30 ሺሕ ነው። ከሁሉ በላይ ታድነው የተገደሉት ፊደል የቆጠሩት ወጣቶች ነበሩ። ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጥተው «ጥቁር አንበሳ» በሚል ስም ምዕራብ ኢትዮጵያ ላይ ከተዋጉት ተማሪዎች መካከልም እጃቸውን ሰጥተው ሳለ የተረሸኑ አሉ።

ትምህርት ቤቱ ግን ሲከፈት ስሙ የካቲት 12 አልነበረም። ከወረራው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ «እቴጌ መነን» ተብሎ ለሴት ልጆች የተቋቋመ ነው። የንግሥቲቱን ስም አውርዶ የሰማዕታቱን ቀን የሰጠው ደርግ ነው። ስሙ ለሰማዕታቱ ይገባቸዋል፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ነገር ግን ስሙ የተሰጠበት ምክንያት ሰማዕታቱን ማክበር ብቻ አልነበረም። የንጉሡን ቤተሰብ ስም ከከተማው የማጽዳት ዘመቻ አካል ነበር። በዚያው ዘመን ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት «እንጦጦ» ሆነ፤ ልዑል መኮንን «አዲስ ከተማ» ሆነ። ትምህርት ቤቶቻችን ለዘማቾች ያደረጉትን መታሰቢያ መለስ ብሎ ላየ ሰው ይህ ነገር ደጋግሞ ይመጣል። አርበኛው ያው ነው፤ የሚታወስበት ቀን፣ የሚጠራበት ስምና የሚወደስበት ምክንያት ግን መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል።

የስም ለውጡ ከሸፈነው ታሪክ ለእኔ ትልቁ የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ታሪክ ነው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በስዊዘርላንድ ተምረው ተመለሱ፤ ወረራው ሲመጣ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ተማርከውም በጣልያን አገር አሲናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ፤ ኋላም ፓርላማ በመግባት የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በዳይሬክተርነታቸው ዘመን ስለ ወረራው ዘመን ተውኔት እየጻፉ ተማሪዎቻቸው መድረክ ላይ እንዲጫወቱት ያደርጉ ነበር። ከጽሑፎቻቸው ጥቂቱ በ«የልቤ መጽሐፍ» ታትሞ ይገኛል።

ይህን ነገር ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። መድረኩ ላይ የቆሙት ልጃገረዶች ወረራው ሲመጣ ገና ሕፃናት ነበሩ። ተውኔቱን የጻፈችላቸው፣ አረማመዳቸውንና አነጋገራቸውን ያረመችላቸው ሴት ደግሞ ራሷ ዘምታ፣ ራሷ ታስራ የመጣች ናት። የተጨፈጨፈው ሕዝብ የወደቀበት አደባባይም በእግር የሚደረስ ነው። በአገራችን ትምህርት ቤት ለአርበኛ ከተደረጉት መታሰቢያዎች መካከል ከዚህ የበለጠ እውነተኛ አላውቅም። ዛሬ በዚያው ግቢ የሚማር ልጅ ስለ የካቲት 12 ሲጠየቅ የሁለቱን ወጣቶች ስም ይጠራል፤ የወይዘሮ ስንዱንም ስም አብሮ እንዲጠራ የሚያስተምረው ሰው ያስፈልገዋል።

እውነት ለመናገር ግን ያ ዘመንም የማይነካው ነገር ነበረው። ከነጻነት በኋላ አገሪቱ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው ነበር፦ አምስቱን ዓመት በዱር በገደሉ የተዋጋው አርበኛ፣ ከንጉሡ ጋር ከስደት የተመለሰው፣ ለጣልያን ያደረው ባንዳ። ሹመቱ ሲከፋፈል አርበኛው ብዙ ጊዜ ከኋላ ቀረ፤ ለጣልያን ያደሩ ሰዎችም ወንበር አገኙ። የጎጃሙ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በመንግሥት ላይ አድማ አድርገሃል ተብሎ ጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ለአምስት ዓመት ጣልያን ያልያዘውን ሰው የገዛ መንግሥቱ በገመድ ገደለው። ይህን በንጉሡ ዘመን በትምህርት ቤት መድረክ መናገር የማይታሰብ ነበር። ኋላ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ተጠራ፤ ደብረ ብርሃን ላይ የሸዋው አርበኛ ኃይለ ማርያም ማሞም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሰየመለት። ሁለቱም ደስ የሚያሰኝ ነው። ሆኖም የበላይን ጀግንነት ነግሮ አሟሟቱን የሚዘል መምህር ለተማሪው የሰጠው ግማሽ ሰው ነው።

ነጻነት የሚከበርበትም ቀን ራሱ አከራክሯል። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ጣልያን ከተማዋን በያዘበት ዕለት፣ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ እንዲሆን ታስቦበት የተደረገ ነበር። ከተማዋ ከጣልያን እጅ የወጣችው ግን ከአንድ ወር ቀደም ብላ መጋቢት 28 ቀን ነው። ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዞረው፤ ንጉሡን ከድሉ ለማውጣት። ከደርግ በኋላ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ አያት፣ አባትና ልጅ የድሉን ቀን በተለያየ ጊዜ ያከበሩ ሆኑ። በዚህ ሁሉ መሐል ስሙ ያልተነካው የእንግሊዙ መኮንን ነው፤ በ1938 ዓ.ም. በእንግሊዞች የተከፈተው ጀኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ዛሬም ጀኔራል ዊንጌት ነው። ዊንጌት የታገለልን ሰው ስለሆነ ስሙ መቆየቱ አይከፋኝም። የሚያሳዝነኝ የእኛው ሰዎች ይህን ያህል ዕድል አለማግኘታቸው ነው።

የገነተ ልዑል ግቢ በ1953 ዓ.ም. ገደማ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ፊት ለፊት ፋሺስቶች ያሠሩት፣ እየተጠመዘዘ የሚወጣ ደረጃ አለ። እያንዳንዱ እርከን ለአንድ የፋሺስት አገዛዝ ዓመት የቆመ ነው። ከነጻነት በኋላ አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ጠጋ ብሎ ላየው ሁለቱም ይነበባሉ፦ ጠላት ምን ያህል ለመቆየት አስቦ እንደነበርና እንዴት እንደተሸነፈ። በዚያው ግቢ ነው ተማሪው ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው፤ ኅዳር 1962 ዓ.ም.። ያ ጽሑፍ «ይህች አገር የማን ናት?» የሚለውን ጥያቄ ገልጦ አወጣው። ዛሬ ዓድዋን ስናከብር የምንጨቃጨቀውም ከዚያው ጥያቄ ጋር ነው።

ደርግም የራሱ ዘማቾች ነበሩት። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በኦጋዴን በኩል ገባ፤ መስከረም 1970 ጅግጅጋ ተያዘች። ታጠቅ ጦር ሰፈር ላይ የሠለጠነው ገበሬ፣ ከመደበኛው ጦርና ከ15 ሺሕ በላይ ከሚሆኑ የኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ በኩል ጅግጅጋን መልሶ ያዘ። መንግሥት የወደቁትን ዘማቾች ልጆች የሚያሳድግበት ሕፃናት አምባ በአላጌ ከፈተ። ብዙ ልጆችንም ወደ ኩባ የወጣቶች ደሴት ልኮ አስተማረ። ትምህርት ቤቱ ራሱ መታሰቢያ ነበር ማለት ይቻላል፤ ልጁ እዚያ የተገኘው አባቱ ስለሞተ ነውና።

ነገር ግን በዚያው ዓመት፣ በዚያው መንግሥት ትእዛዝ፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሬሳ ተጥሎ ይታይ ነበር። ቀይ ሽብር ነው። አንዱ ቤት አባት ካራማራ ላይ ወድቋል፤ ጎረቤቱ ቤት ልጅ ከቀበሌ እስር ወጥቶ ተረሽኗል። ለልጃቸው ሬሳ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ወላጆች እንደነበሩ በሰፊው ይነገራል። ታዲያ የሁለቱ ቤት ልጆች በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጠው «የካራማራ ጀግኖች» ሲባል ምን ይሰማቸዋል? እዚህ ላይ ነው መታሰቢያ የሚከብደው።

ከ1983 በኋላ የመጣው መንግሥት ይህን ችግር የፈታው በዝምታ ነው። ያ ሠራዊት «የደርግ ሠራዊት» ተብሎ ተበተነ፤ ከፊሉ ለልመና ተዳረገ። የካቲት 26 ያለ ሥነ ሥርዓት ያልፍ ጀመር፤ አላጌም ሕፃናት አምባነቱ ቀርቶ የግብርና ኮሌጅ ሆነ። የቀይ ሽብር ሰማዕታት በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ አጠገብ ሙዚየም ተሠራላቸው፤ ይህም ተገቢ ነበር። የአገሩን ወሰን ሲጠብቅ እግሩን ያጣው የሐረርጌ ገበሬ ግን በቀይ ሽብር ገዳዮች ዕዳ ተጠየቀ። ለእኔ ይህ ግፍ ነው። ወታደሩን የላከው መንግሥት ያደረገውን ሁሉ ወታደሩ ላይ መጫን ፍርድ አይደለም፤ ያንን ሰው በሚያወድሱ ጊዜም መንግሥቱን አብሮ ማወደስ እንዲሁ።

ዓድዋም ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። በዓሉ ሲደርስ ሕፃናቱ በካርቶን ጋሻና በእንጨት ጦር፣ ከንፈራቸው ላይ በኩል ጢም ተሥሎላቸው፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሲፎክሩ ማየት ልብ ያሞቃል። ሆኖም ወላይታ ሶዶ የሚማር ልጅ ከዓድዋ በፊት በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ንጉሥ ጦናን ሊወጋ በአገሩ ማለፉን ከአያቶቹ ሰምቷል። አርሲ ያለው ልጅ የዚያን ዘመን በደል የሚያስታውሰውን የአኖሌን ሐውልት ያውቃል። እነዚህን ልጆች «ዝም ብለህ ፎክር» ማለት አይቻልም፤ «ዓድዋ የአንተ አይደለም» ማለት ደግሞ ውሸት ነው። የኦሮሞ ፈረሰኞች ባይዘምቱ ኖሮ ያ ጦርነት ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ትምህርት ቤት ሁለቱንም መናገር አቅቶት ሲቀር ንግግሩ ወደ አደባባይ ይሄዳል፤ አደባባይ ደግሞ መምህር የለውም። ኅዳርና ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በክልል ባንዲራና መዝሙር ምክንያት ግጭት ተነሥቶ ተማሪዎች ታሰሩ፤ በዚያው ዓመት የካቲት 23 ደግሞ ምኒልክ አደባባይ ዓድዋን ሊያከብር በወጣው ሕዝብ ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኰሰ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ ትልቅ ሥራ ነው፤ ክርክሩ ግን በሕንፃ የሚያልቅ አይደለም።

መምህራኑን አልወቅስም። የታሪክ መምህር ስለ ምኒልክ አንድ ዐረፍተ ነገር ሲናገር «የነ እንትና ደጋፊ ነው» መባልን፣ አልፎም መዘዋወርን ይፈራል። በባንዲራ ሥነ ሥርዓት ላይ ሦስት ደቂቃ ቆሞ፣ የኅሊና ጸሎት አድርጎ ወደ ክፍል መግባት ያድናል። በዚያች ሦስት ደቂቃ ግን አርበኛው ማን እንደነበር፣ ስለ ማን እንደተዋጋ፣ ማን እንደከዳው፣ ማንን እንደበደለ አይነገርም። የወይዘሮ ስንዱ ተውኔት መንገዱን ያሳየናል፤ ተማሪው ባንዳውንም አርበኛውንም ሆኖ ይጫወት። የተጫወተ ልጅ ሁለቱንም ከውስጥ ያያል። ይህ ዘዴ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ክርክር የማይፈራ ርእሰ መምህር ግን ይጠይቃል።

የቀን አቆጣጠራችን ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። የካቲት 11 የሕወሓት ትግል የተጀመረበት፣ የካቲት 12 የሰማዕታት፣ የካቲት 23 የዓድዋ፣ የካቲት 26 የካራማራ፤ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ አራት መታሰቢያዎች በ16 ቀን ውስጥ ይወድቃሉ፤ ያውም ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት። እያንዳንዱ ቀን የሚያከብረው ወገን አለው፤ አብዛኛውም የሌላውን ቀን ማየት አይወድም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ግን አራቱንም ከአንድ መምህር መስማት ይችላል። አብርሃና ሞገስ በኤርትራ ተወልደው ስለ ኢትዮጵያ እንደሞቱ ሲነገረው፣ ከዚያ በኋላ በሁለቱ አገሮች መካከል የሆነውን ራሱ ይጠይቃል። ይጠይቅ።

ከአምስቱ ዘመን አርበኞች በሕይወት የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ 1928 ላይ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ቢኖር ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ካራማራ ላይ ሃያ ዓመቱ የነበረው ግን ገና ሰባ ዓመቱ ገደማ ነው፤ የቀይ ሽብር ሟች እኅትም እንዲሁ። ሁለቱን አንድ ጠዋት በአንድ ክፍል ማስቀመጥና ተማሪው እንዲጠይቃቸው መፍቀድ የሚቻልበት ጊዜ ቢበዛ አሥር ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ደርግን የሚወቅሰውና የሚያወድሰው፣ በቦታው ያልነበረ ሰው ንግግር ብቻ ነው።